51 ዶቃ፣ አንድ ኢንሱሊን፦ ፕሮቲንን በእጅ የመሥሪያ መንገድ

አምና አራዳ ገበያ ዶቃ ልገዛ ሄጄ ሻጯን ግራ አጋባኋቸው። "ቢጫ 17፣ አረንጓዴ 16፣ ጥቁር 6፤ ነጭ፣ ቀይና ሰማያዊ ደግሞ አራት አራት ይስጡኝ" አልኳቸው። አንድ በአንድ ቆጥረው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ ዶቃ እንዲህ እንደ ብር ቆጥሮ የሚገዛ ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ለማን አንገት ነው?"

"ለአንገት አይደለም እማማ። ለትምህርት ነው።"

"ይሁን እስቲ" አሉና አንድ ቢጫ ዶቃ መረቁልኝ። እናንተም ምራቂ ካገኛችሁ ለብቻ አስቀምጡት። መጨረሻ ላይ ይፈለጋል።

ጎንደር ውስጥ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ልጆች ባዮሎጂ አስጠናለሁ። ፕሮቲን ላይ ስንደርስ አራቱን የመዋቅር ደረጃዎች እንደ ዳዊት ይደግሙልኛል። "እሺ፣ ሰንሰለቱ እዚህ ጋ ለምን ታጠፈ?" ስላቸው ግን ጸጥ። እውነቱን ለመናገር እኔም ያው ነበርኩ። የመጀመሪያ ሞዴሌን የሠራሁት ሥዕል እያየሁ ነው። ሽቦውን ጠመዘዝኩት፣ ቀለም ቀባሁት፣ አማረ። አንዷ ተማሪዬ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና "ቲቸር፣ እዚህ ጋ ለምን ዞረ?" አለችኝ። ምን ልበላት? ሥዕሉ ላይ ስለዞረ ነዋ!

ከዚያ ወዲህ ከቅርጹ መጀመር ትቻለሁ። የምጀምረው ከዶቃዎቹ ተራ ነው። ቅርጹን የሚያመጣው ተራው ነውና፣ ይህኛው አሠራር ያቺን ጥያቄ እንዲመልስ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው።

ኢንሱሊንን የመረጥኩት ትንሽ ስለሆነ ነው። ሁለት ሰንሰለት አለው፤ ኤ የሚባለው 21፣ ቢ የሚባለው 30 አሚኖ አሲድ ይይዛል። አሚኖ አሲድ የፕሮቲን መሥሪያ ጡብ ነው፤ እዚህ አንድ ዶቃ አንድ አሚኖ አሲድ ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢንን ብመርጥ ኖሮ 574 ዶቃ ያስፈልገኝ ነበር። እማማ ቆጥረው ሳይጨርሱ ገበያው ይበተን ነበር። በዚያ ላይ ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ ባለበት ብዙ ቤት ፍሪጅ ውስጥ አለ። ልጆቹ ያውቁታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ከላይ በቆጠርኩት መሠረት 51 የፕላስቲክ ዶቃ፣ 6 ሚሊ ሜትር የሚሆን። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቀጭን ጥቁር ሽቦ፤ ግንበኞች ፌሮ የሚያስሩበት ዓይነት። ለስላሳ ነው፣ ሲጠመዝዙት እንደተጠመዘዘ ይቀራል። ለሦስት ድልድይ የምትሆን ትንሽ የመዳብ ሽቦ። ፒንሳ፣ መቀስ፣ ማስመሪያ። እና አራት ያለቁ እስክሪብቶዎች።

እስክሪብቶዎቹ ሁለት ሥራ አላቸው። ቀፎው መጠምጠሚያ ይሆነናል። ቀለም የሚይዘው ቀጭን ቱቦ ደግሞ በ7 ሚሊ ሜትር እየተቆረጠ በዶቃዎቹ መካከል ይገባል። 49 ቁራጭ ያስፈልጋል። "ያለቁ" ያልኩትን አክብሩ። እኔ ግማሽ ቀለም ያለበትን ቆርጬ የባለቤቴን ነጠላ አበላሽቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ይነሳብኛል።

አንደኛ፦ ለቀለሞቹ ትርጉም ስጡ

አሚኖ አሲዶች 20 ዓይነት ናቸው፤ ሰውነት ፕሮቲን የሚሠራባቸው ማለቴ ነው። አሠራራቸው ይመሳሰላል። መሀል ላይ ካርቦን አለ። በአንድ በኩል አሚኖ ክፍል፣ በሌላው በኩል አሲድ ክፍል፣ በሦስተኛው ሃይድሮጅን ተያይዟል። አራተኛው ቦታ ላይ ግን እያንዳንዱ የራሱን ዕቃ ተሸክሟል። ዩኒፎርማቸው አንድ ሆኖ ቦርሳቸው የተለያየ ተማሪዎች በሏቸው። ይህ ቦርሳ የጎን ሰንሰለት ይባላል፤ ቀለም የምንሰጠው ለእሱ ነው።

ቢጫ ቅባታሞቹ ናቸው፦ አላኒን፣ ቫሊን፣ ሉሲን፣ አይሶሉሲን፣ ፌኒልአላኒን፣ ፕሮሊን። ውሃ አይወዱም። ቅባኑግ ውሃ ላይ ጠብ አድርጋችሁ እዩ፤ ጠብታዎቹ እርስ በርስ ተፈላልገው አንድ ይሆናሉ። እነዚህም እንደዚያው ናቸው።

አረንጓዴ ውሃ የሚወዱ፣ ግን ቻርጅ የሌላቸው፦ ሴሪን፣ ትሪዮኒን፣ አስፓራጂን፣ ግሉታሚን፣ ታይሮሲን። ታይሮሲን ትንሽ ያወዛግባል። ቀለበቱ ቅባታም ነው፣ ጫፉ ላይ ግን ውሃ የሚወድ ክፍል አለው። እኔ ጫፉን አይቼ አረንጓዴ አደረግኩት።

ቀይ ነጌቲቭ ቻርጅ ያለው፦ እዚህ ግሉታሚክ አሲድ ብቻ ነው። ሰማያዊ ፖዘቲቮቹ፦ ላይሲን፣ አርጂኒን እና እንደ አካባቢው አሲድነት የሚለዋወጠው ሂስቲዲን። ነጭ ግላይሲን ነው፤ ቦርሳው አንዲት ሃይድሮጅን ብቻ ስለሆነች እንደ ልቡ ይተጣጠፋል። ጥቁር ሲስቲን ነው፤ ጫፉ ላይ ድኝ አለው። ጥቁሮቹን በዓይናችሁ ያዙ።

ሁለተኛ፦ በተራው ሰኩ

40 ሳንቲ ሜትር ሽቦ ለኤ፣ 55 ሳንቲ ሜትር ለቢ ቁረጡ። አንዱን ጫፍ እንደ ቀለበት እጠፉት። ይህ የአሚኖ ጫፍ ነው፤ ቆጠራው ሁልጊዜ ከዚህ ይጀምራል። ዶቃ አስገቡ፣ ቱቦ አስገቡ፣ ዶቃ፣ ቱቦ። ሰንሰለቱ በዶቃ ተጀምሮ በዶቃ ያልቃል።

የኤ ሰንሰለት ተራ፦ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ።

የቢ ሰንሰለት ተራ፦ ቢጫ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ።

ስትጨርሱ ሌላ ሰው ይቁጠርላችሁ። የራስን ስህተት ዓይን አያየውም። ከዚያ ሌላኛውን ጫፍ እጠፉና ዝጉት።

እያንዳንዷ የቱቦ ቁራጭ ፔፕታይድ ቦንድ ናት። የአንዱ አሚኖ አሲድ አሲድ ክፍል ከሚቀጥለው አሚኖ ክፍል ጋር ሲያያዝ አንዲት ሞለኪውል ውሃ ትወጣለች። ቱቦዋ ጠጣር መሆኗም ሆን ተብሎ ነው። እውነተኛው ፔፕታይድ ቦንድ እንደ ክር አይጠማዘዝም፤ ዝርግና ግትር ነው። የሚዞረው ዶቃው ጋ ነው።

ተራው ይህን ያህል ለምን ይጠበቃል? ለ፣ በ እና ሰን ውሰዱ። ለበሰ፣ በሰለ፣ ሰለበ። ሦስት ፊደል ናቸው፣ ተራቸው ሲቀያየር ግን አንዱ ልብስ፣ አንዱ ወጥ፣ ሦስተኛው ጠብ ነው። የኢንሱሊንን ሙሉ ተራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበው እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሳንገር ነው። ሰንሰለቱን እየቆራረጠ፣ ቁርጥራጩን እያነበበና መልሶ እየገጣጠመ ዓመታት ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1958 ኖቤል አገኘበት። እኛ በአንድ ከሰዓት ሰካነው።

አሁን የያዛችሁት የመጀመሪያ ደረጃ መዋቅር የሚባለው ነው። ልጆቹ የሚደግሙት "ፕራይመሪ" ይኸው ነው፤ የተሰካ ዶቃ።

ሦስተኛ፦ ጥምዙን ሥሩ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው።

የቢን ሰንሰለት ከ9ኛው ዶቃ እስከ 19ኛው ድረስ በእስክሪብቶ ቀፎ ላይ ጠምጥሙት። አንድ ሙሉ ዙር ከ3 ተኩል ትንሽ የሚበልጥ ዶቃ ይውሰድ። ልኩ 3.6 ነው። በዙርና በዙር መካከል 17 ሚሊ ሜትር ያህል ተዉ። ወደ ሦስት ዙር ይወጣችኋል። ቀፎውን መዝዛችሁ አውጡት። ይህ አልፋ ሄሊክስ ነው፤ የሁለተኛው ደረጃ መዋቅር አንዱ ዓይነት። ሞዴላችን ከእውነተኛው ወደ 30 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ የተለቀ ነው። የተራ እስክሪብቶ ውፍረት ለዚህ ሚዛን እንዲህ ልክክ ማለቱ እኔን እስካሁን ይገርመኛል።

አዙሩ የቀኝ መሆን አለበት፤ እንደ ተራ ብሎን ጥርስ። ጥምዙን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ከፊታችሁ ያለው ሽቦ ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ ከወጣ ልክ ናችሁ። ወደ ግራ ከወጣ ፍቱትና እንደገና።

ጥምዙን የሚይዘው ምንድን ነው? የዶቃዎቹ ቦርሳ አይደለም፣ አከርካሪው፣ ማለትም ሽቦው ራሱ ነው። የ9ኛው አሚኖ አሲድ ኦክስጅን ከ13ኛው የናይትሮጅን ሃይድሮጅን ጋር ይሳሳባል፤ 10ኛው ከ14ኛው፣ 11ኛው ከ15ኛው። እያንዳንዱ ስበት ደካማ ነው፤ ተደርድረው ግን ጥምዙን ቀጥ አድርገው ይይዙታል። ይህን ያገኘው አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ላይነስ ፓውሊንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ኦክስፎርድ ውስጥ ታሞ ተኝቶ ሳለ ወረቀት ላይ ሰንሰለት ስሎ፣ ወረቀቱን እያጠፈ ነበር የደረሰበት። ዶቃና ሽቦ ይዛችሁ የልጅ ጨዋታ የመሰላችሁ እንደሆነ፣ ወረቀት አጥፎ ነው እንዲህ ያለ ነገር የተገኘው።

አሁን ፈተናው። ጥምዙን በቁሙ ያዙና 11ኛ፣ 15ኛና 18ኛ ቢጫ ዶቃዎችን ፈልጉ። በትክክል ከጠመጠማችሁ ሦስቱም ባንድ ጎን ተሰልፈዋል። ተራው ላይ ተራርቀው የተሰኩ ነበሩ፤ በየሦስት በየአራት መሰካታቸው ጥምዙ ሲጠመጠም አንድ ጎን ላይ አመጣቸው። አንድ ቅባታም ጎን ያለው በትር ሆነ ማለት ነው። ይህን ሳይ የገባኝን ያህል ከማንኛውም ሥዕል ገብቶኝ አያውቅም። ካልተሰለፉላችሁ ዙሩን አጥብቁ ወይም አላሉ።

ቀጥሎ 20ኛው ነጭ፣ 23ኛውም ነጭ። በሁለቱ ነጮች መካከል ሽቦውን እንደ ቡና ስኒ ጆሮ አጥፉት። "ለምን እዚህ ጋ ዞረ?" ላለችው ልጅ መልሷ ይኸው፤ ግላይሲን ስላለበት። ቦርሳ የሌለው ሰው ጠባብ በር ላይ በቀላሉ ይዞራል።

ከ24 እስከ 28 ያለውን ቀጥ አድርጋችሁ ተዉት። ይህ ክፍል የቤታ ጥብጣብ ነው፤ ሌላው የሁለተኛ ደረጃ መዋቅር ዓይነት። ለብቻው ብዙ ትርጉም የለውም። ሁለት ኢንሱሊኖች ሲገናኙ ግን የአንዱ ጥብጣብ ከሌላው ጎን በተቃራኒ አቅጣጫ ተኝቶ ይያያዛል። ጓደኛችሁም ሞዴል ከሠራ ጎን ለጎን አስተኟቸው።

ኤ ቀላል ነው። ከ2 እስከ 8 አንድ አጭር ጥምዝ፣ ከ13 እስከ 19 ሌላ አጭር ጥምዝ፤ ሁለት ሁለት ዙር ያህል። መሀሉን አጥፉትና ሁለቱ ጥምዞች ፊት ለፊት ይተያዩ።

አራተኛ፦ ድልድዮቹን እሰሩና እጠፉት

ስድስቱ ጥቁር ዶቃዎች የሚያስፈልጉት አሁን ነው። ሁለት ሲስቲኖች ሲገናኙ ድኝ ከድኝ ይያያዛል። እስካሁን እንዳየነው ያለ ደካማ ስበት እንዳይመስላችሁ፤ ጠንካራ እስር ነው። በመዳብ ሽቦ እንዲህ እሰሩ፦ የኤን 6ኛ ከራሱ ከኤ 11ኛ፤ የኤን 7ኛ ከቢ 7ኛ፤ የኤን 20ኛ ከቢ 19ኛ። ሽቦውን በጣም አታሳጥሩት፣ ለማጠፍ ቦታ ይፈልጋል።

ከዚያ ሁለቱን ሰንሰለት በመዳፋችሁ ያዙና ቢጫዎቹን ወደ ውስጥ እየገፋችሁ ጨብጡ። የኤ 2ኛና 16ኛ፣ የቢ 6ኛ፣ 11ኛ፣ 15ኛና 18ኛ መሀል ላይ መገናኘት አለባቸው። ውሃውን ሸሽተው ነው። ቀይና ሰማያዊ ውጭ ይቅሩ። የቢን ቀጥ ያለ ጥብጣብ ወደ ጥምዙ ጠጋ አድርጉት፤ 24ኛው ቢጫ ዶቃ ወደ መሀሉ ይደገፋል።

ሁሉም ቢጫ አይገባላችሁም። አትጨነቁ፤ እውነተኛውም ላይ አይገባም። የቢ 12ኛና 25ኛ ውጭ ከሚቀሩት መካከል ናቸው፤ ሥራ ስላላቸው። ኢንሱሊን ከኢንሱሊን ጋር የሚጣበቀው፣ የሕዋስን በር የሚያንኳኳውም በእነዚህ በኩል ነው። ቆሽት ውስጥ ስድስት ኢንሱሊኖች በሁለት ዚንክ ዙሪያ ተሰብስበው ይቀመጣሉ። ያ አራተኛው ደረጃ ነው። አሁን በእጃችሁ የጨበጣችሁት ሦስተኛው።

ይህን ቅርጽ ያየችው እንግሊዛዊቷ ኬሚስት ዶሮቲ ሆጅኪን ናት። ካይሮ ተወለደች፣ ወላጆቿ ሱዳን ይሠሩ ነበር፤ ከመተማ ማዶ ማለት ነው። የኢንሱሊንን ክሪስታል በኤክስሬይ ያነሳችው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ፎቶውን ፈትታ ቅርጹን ያገኘችው በ1969። 34 ዓመት! ሞዴሌ እምቢ ሲለኝ እሷን አስባለሁ።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ሰውነታችን ሁለት ሰንሰለት ለየብቻ ሠርቶ አያገናኝም። መጀመሪያ 86 አሚኖ አሲድ ያለው አንድ ሰንሰለት ይሠራል፤ ያ ታጥፎ ድልድዮቹ ከተሠሩ በኋላ መሀል ያለው ተቆርጦ ይወጣል። ልብስ ሰፊ በጊዜያዊ ክር አያይዞ፣ ዋናውን ሰፍቶ፣ ክሩን እንደሚመዘው። ሌላ 35 ዶቃ ያለው ይሞክረው። እኔ አልሞከርኩም።

አምስተኛ፦ አበላሹት

ሞዴሉን ለማስታወሻ ፎቶ አንሱትና የመዳብ ሽቦዎቹን ሳትነኩ ጥምዞቹን ፍቱ፣ አዛቡት። ዶቃዎቹን ቁጠሩ። ተራው አልተነካም፤ አንድም ዶቃ አልወደቀም። ሆኖም ኢንሱሊን መሆኑ ቀርቷል። ይህ ዲናቹሬሽን ነው።

ኩሽናችሁ ውስጥ ሞልቷል። የእንቁላል ነጩ ሲቀቀል ፕሮቲኖቹ ተፈትተው እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ ለዚህ ነው የሚነጣውና የሚጠጥረው። አሬራ ተሞቆ አይብ ሲሆንም አሲዱና ሙቀቱ ተባብረው ነው። የተቀቀለ እንቁላል ቢቀዘቅዝ ወደ ጥሬነቱ አይመለስም።

ኢንሱሊን በብልቃጡ ውስጥም ያው ነው። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ጎንደር ደጋ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ብልቃጡ ተይዞ መተማ ሲወረድ ሙቀቱ ሌላ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አይተው። ፍሪዘር ውስጥም በፍጹም፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይመለስም፣ ይጣላል። አንዱ ልጅ የአያቱን መድኃኒት "የበለጠ እንዲቀዘቅዝ" ብሎ በረዶ ቤቱ ውስጥ እንዳስቀመጠው የነገረኝ ይህን ስንሠራ ነው። ያን ቀን ማታውኑ ሮጠ። የተከፈተ ብልቃጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ ግን በያዛችሁት ዓይነት ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

ስድስተኛ፦ አንድ ዶቃ ቀይሩ

ሞዴሉን መልሱት። የቢን የኋላ ጫፍ ክፈቱና 28ኛውን ቢጫና 29ኛውን ሰማያዊ ቦታ አቀያይሯቸው። ፕሮሊንና ላይሲን ተለዋወጡ። አሁን የያዛችሁት ላይስፕሮ የሚባለው መድኃኒት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ። ስሙም ከሁለቱ የተሠራ ነው። የተነካው ያ ቀጥ ያለ ጥብጣብ ነው፤ ሁለት ኢንሱሊን የሚያያዝበት። ስለተነካ መያያዙ ይላላል። ስለዚህ ሲወጉት ቶሎ ይበታተንና ቶሎ ወደ ደም ይገባል። ተራውን ኢንሱሊን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ የሚወጋ ሰው፣ ይህን ማዕድ ሲቀርብ ይወጋዋል። በሁለት ዶቃ ቦታ መቀያየር!

ዶቃዎቹን ወደ ቦታቸው መልሱ። አሁን የእማማን ምራቂ አምጡ።

የቢ የመጨረሻው 30ኛው ዶቃ አረንጓዴ ነው፣ ትሪዮኒን። አውጡትና በምትኩ ቢጫዋን፣ አላኒንን፣ አስገቡ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆይ። ከልጆቹ ጋር ስንሠራ እዚህ ላይ አቁሜ "ይሄ ደግሞ የማን ኢንሱሊን ነው?" እላለሁ። የዝንጀሮ ይላሉ። የበግ ይላሉ። የአሳማ ነው። በጀነቲክ ምህንድስና የተሠራው የሰው ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1982 እስኪመጣ ድረስ፣ ለ60 ዓመት ያህል የስኳር ሕመምተኛውን ዓለም ያኖረው ይህና የከብቱ ነበር። የከብቱ ሦስት ዶቃ ላይ ይለያል።

ያቺ "ለምን ዞረ?" ያለችው ልጅ ሞዴሉን ተቀብላኝ ቢጫዋን ዶቃ በጥፍሯ እየነካች ቆየች።

"ጫፍ ላይ ስለሆነች ነዋ" አለች። "ጥምዙን አትነካም፣ መሀሉንም አትነካም። ለዚህ ነው የሠራው።"